ከዘጠኝ ወንበር ወደ ስድስት፦ በትንሽ ገንዘብ የኢንተርኔት ፖከር ለምትጫወቱ

ባለ ዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ የለመደ ተጫዋች ስድስት ወንበር ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚሰማው ጥድፊያ ነው። ብላይንድ (ካርታ ሳይታይ በተራ የሚከፈል የግዴታ ገንዘብ) ከፍሎ ትንፋሽ ሳይወስድ ተመልሶ ይደርስበታል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሁለት ዓመት ያህል ባለ ዘጠኙን ስጫወት ቆይቼ፣ ማታ ማታ ጠረጴዛው አልሞላ እያለ ሲያስቸግረኝ ወደ ስድስቱ ተሻገርኩ። «ስድስት ሰው ሲሆን ብዙ እጅ መጫወት ነው» ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ የመጣልኝን ካርታ ሁሉ ኮል እያደረግኩ (ሌላው ያስያዘውን ያህል ብቻ እየከፈልኩ) መግባት ጀመርኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ሙሉ መግቢያዬን ተበላሁ።

ጥፋቴን ያሳየኝ እዚህ ላስ ቬጋስ ለብዙ ዓመት ካርታ ሲያድል የኖረ አንድ ታላቄ ነው። የተጫወትኳቸውን እጆች አንድ በአንድ እያገላበጠ አየና «ስማኝ ወንድሜ፣ ጨዋታው መች ተቀየረ? ሦስት ሰው ነው የጎደለው» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ግን ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከዚያች አንድ ንግግር የወጣ ነው።

የምናወራው ስለ ኖ ሊሚት ቴክሳስ ሆልደም ካሽ ጌም ነው። ምሳሌዎቼ በሙሉ ብላይንዱ 5 እና 10 ሳንቲም፣ መግቢያው 10 ዶላር በሆነ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ትልቁ፣ የ10 ሳንቲሙ፣ ቢግ ብላይንድ ይባላል፤ ትንሹ ስሞል ብላይንድ። 10 ዶላር ማለት 100 ቢግ ብላይንድ ነው። የጨዋታውን ሕግ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ሁለቱ ካርታዎች አንድ ምልክት ሲኖራቸው «ሱትድ»፣ ሲለያዩ «ኦፍሱት» እላለሁ።

ከመቀመጣችሁ በፊት

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል። ኔቫዳ፣ ደላዌርና ኒው ጀርሲ የኢንተርኔት ፖከርን እ.ኤ.አ. በ2013 በፈቃድ ጀመሩ። ፔንሲልቬንያ በ2019፣ ሚሺጋን በ2021 ተከተሉ። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከእነዚህ ውስጥ የሉም። ቪፒኤን ከፍቶ ከሌላ ስቴት መግባት አካውንት ያስዘጋል፣ ያሸነፋችሁትንም ያስይዛል። ይህን አታድርጉት። ሌላ አገር ያላችሁም መጀመሪያ የምትኖሩበትን አገር ሕግ እዩ።

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ ነው። የቤት ኪራይና ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ወደዚህ ጨዋታ አይገባም። ፈቃድ ያላቸው ቤቶች (የፖከር ድረ ገጾች) በሳምንት ወይም በወር የምታስገቡትን መጠን የምትገድቡበት ቦታ አላቸው። አካውንቱን ስትከፍቱ፣ ገና ምንም ሳትጫወቱ፣ እሱን ሙሉ። ከተበላችሁ በኋላ ገደብ ለማበጀት እጅ አይታዘዝም።

በእርግጥ የተቀየረው ምንድን ነው?

ዘጠኝ ሰው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ አስቡ። ከቢግ ብላይንድ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ሰዎች በየተራ ካርታቸውን ጣሉ። አሁን ስንት ሰው ቀረ? ስድስት። እናንተ አራተኛው ላይ ናችሁ፤ ከኋላችሁ ያሉትን ቁጠሩ፤ አንድ ሰው፣ ካትኦፍ (ከበተን በፊት ያለው ወንበር)፣ በተን (ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚናገረው ወንበር)፣ ስሞል ብላይንድና ቢግ ብላይንድ ናቸው። አምስት ሰው። ይህ ልክ የባለ ስድስቱ አንደኛ ወንበር ነው። ምንም ልዩነት የለውም።

ስለዚህ የባለ ስድስቱ በተን ከባለ ዘጠኙ በተን ጋር አንድ ነው። ካትኦፉም እንዲሁ። የጠፉት ከፊት ያሉት ሦስቱ ወንበሮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ካርታ ስትጥሉባቸው የኖራችሁት ወንበሮች ናቸው። እንግዲህ «ብዙ እጅ መጫወት» የሚባለው ነገር ከየትም ያልመጣ አዲስ ድፍረት አይደለም። የማረፊያ ወንበሮቹ ስለተነሱ ብቻ የመጫወቻ ወንበሮቹ ቶሎ ቶሎ ይደርሷችኋል። በ100 እጅ ውስጥ በባለ ዘጠኙ 11 ጊዜ ገደማ በተን ላይ ትሆናላችሁ። በባለ ስድስቱ 17 ጊዜ ገደማ።

ወጪውም አብሮ ይጨምራል። አንድ ዙር 15 ሳንቲም ያስከፍላል። በባለ ዘጠኙ 100 እጅ ስትጫወቱ ለብላይንድ የሚወጣው 1 ዶላር ከ67 ሳንቲም ገደማ ነው፤ በባለ ስድስቱ 2 ዶላር ከ50 ይሆናል። ሁለት አስ፣ ሁለት ኪንግ፣ ሁለት ኩዊን ወይም አስ-ኪንግ የሚመጣው በአማካይ ከ39 እጅ አንዴ ነው። እሱን ብቻ እጅ አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው በባለ ስድስቱ ጠረጴዛ 98 ሳንቲም ያህል ከፍሎ ነው የሚያገኘው። ሲያገኘው ደግሞ ሁሉም ያውቅበታል፤ ማንም አይከፍለውም።

ሌላው የሚረዳችሁ ቁጥር ይኸው። ምርጥ ከሚባሉት 5 በመቶ እጆች አንዱ ከኋላችሁ ካሉት ሰዎች ቢያንስ በአንዱ እጅ የመሆን ዕድሉ፦ ስምንት ሰው ከኋላችሁ ካለ 34 በመቶ ያህል፣ አምስት ከሆነ 23 በመቶ፣ በተን ላይ ሆናችሁ ሁለት ብቻ ከቀሩ 10 በመቶ ገደማ። ይህች 10 በመቶ ናት አስ-7 ይዘን በተን ላይ ሬይዝ እንድናደርግ (ውርርዱን ከፍ እንድናደርግ) የምታስደፍረን።

አንደኛ፦ ልምምዱን እዚያው ባለ ዘጠኙ ላይ ጀምሩ

ወዲያው አትዝለሉ። ለአንድ ሳምንት በለመዳችሁት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ ግን ከፊት ያሉት ሦስቱ ካርታቸውን ሲጥሉ ለራሳችሁ «አሁን ስድስት ነን» በሉ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ባለ ስድስት ጠረጴዛ ላይ እንዳላችሁ ተጫወቱ። ሦስቱ ካልጣሉ እንደ ድሮው ቀጥሉ። ይህ መላ ምንም ወጪ የለውም። ዓይናችሁ ከካርታው ይልቅ ወንበሩን ማየት እንዲለምድ ያደርጋል።

ሁለተኛ፦ በየወንበሩ የምትከፍቱትን እጅ ወስኑ

መክፈት ማለት ከእናንተ በፊት ማንም ሳይገባ ሬይዝ አድርጎ መግባት ነው። ቢግ ብላይንዱን ብቻ ከፍሎ ሹልክ ብሎ መግባትን እርሱት። ወይ ሬይዝ ነው፣ ወይ መጣል። መጠኑ 25 ሳንቲም ይበቃል። ከፊታችሁ አንድ ሰው ሬይዝ ሳያደርግ ከገባ 40 ሳንቲም አድርጉት፤ ሁለት ከሆኑ 50።

አንደኛው ወንበር ላይ፦ ከ5-5 ጀምሮ ያሉ ጥንዶች፣ ሱትድ አስ በሙሉ፣ ከ10 ጀምሮ ያሉ ሱትድ ትልልቅ ካርታዎች (ኪንግ-10፣ ኩዊን-ጃክ፣ ጃክ-10 የመሳሰሉት)፣ ሱትድ 10-9፣ ኦፍሱት ከአስ-ጃክ ወደ ላይ እና ኪንግ-ኩዊን። ይህ ከ1,326ቱ የሁለት ካርታ ጥምረቶች 184ቱን ይይዛል፤ ወደ 14 በመቶ። ከባለ ዘጠኙ ለመጣ ሰው ብዙ ይመስላል። አራተኛው ወንበር ላይ ስትጫወቱት ከነበረው ግን ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው ወንበር ላይ ትንንሾቹን ጥንዶች፣ ኦፍሱት አስ-10ን እና ኪንግ-ጃክን፣ ሱትድ ኪንግ-9ን፣ 9-8ን እና 8-7ን ጨምሩ። 18 በመቶ ይሆናል። ካትኦፍ ላይ ወደ 25 ከፍ ይላል፦ ኦፍሱት ኩዊን-ጃክ፣ ኪንግ-10፣ አስ-9 እና አስ-8፣ ከዚያ የቀሩት ደህና ሱትድ ካርታዎች።

በተን ላይ እስከ 40 በመቶ ድረስ ሂዱ። ማንኛውም አስ፣ ማንኛውም ሱትድ ኪንግ፣ አብዛኛው ሱትድ ኩዊን፣ እንደ ኩዊን-9፣ ጃክ-9፣ 10-8 ያሉ እጆች ሁሉ ይከፈታሉ። ሒሳቡን ተመልከቱ። 15 ሳንቲም ለማግኘት 25 ታወጣላችሁ። ፍሎፕ (መሐል የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) ሳይታይ ሁለቱም ብላይንዶች ከ100 ጊዜ 63 ያህሉን አብረው ከጣሉ፣ ካርታችሁ ምንም ይሁን ምን አትከስሩም። ለዚያ ደግሞ እያንዳንዳቸው 79 ጊዜ መጣል ይበቃቸዋል። በትንሽ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ብላይንዱን እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ኮል ቢያደርጉም እንኳ እስከ መጨረሻው ከእነሱ ኋላ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ።

እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነበር። የጨመርኳቸውን እጆች አንደኛ ወንበርና ስሞል ብላይንድ ላይ ነበር የጨመርኳቸው። ያውም በኮል። ጭማሪው መምጣት ያለበት ከኋላ ነው፤ ከበተንና ከካትኦፍ።

ሦስተኛ፦ ብላይንዶቹ

ስሞል ብላይንድ ከስድስቱ ወንበሮች ክፉው ነው። ግማሹን ስለከፈላችሁ ርካሽ ይመስላል፤ ከፍሎፕ በኋላ ግን ሁልጊዜ ቀድማችሁ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሰው ሬይዝ ካደረገ ወይ መልሳችሁ ሬይዝ አድርጉ፣ ወይ ጣሉ። መሐሉን እርሱት። እዚህ ላይ ሬክን አስቡ፤ ሬክ ቤቱ ከፖት (መሐል ከተጠራቀመው ገንዘብ) የሚቆርጠው ነው። ብዙ ቦታ 5 በመቶ አካባቢ ሆኖ ጣሪያ አለው፤ ፍሎፕ ካልተከፈተ ግን አይቆረጥም። መልሳችሁ ሬይዝ አድርጋችሁ ሁሉም ሲጥል ፖቱ ሳይሸራረፍ ወደ እናንተ ይመጣል። ኮል ስታደርጉ ግን ቤቱም ድርሻውን ይዞ ይገባል። በዚህ ደረጃ ያለ ተጫዋች ይህችን ሳንቲም ንቆ ነው ወሩ መጨረሻ ላይ ትርፉ የት እንደገባ የሚጠፋው።

ቢግ ብላይንድ ሌላ ነው። በተኑ 25 ሳንቲም ሲያደርግ እናንተ የምትጨምሩት 15 ሳንቲም ነው፤ ፖቱ ውስጥ 40 አለ። ከ100 ጊዜ 27 ያህል ማሸነፍ የሚችል እጅ በሒሳብ ኮል ይችላል። በተግባር ግን ቀድማችሁ ስለምትናገሩ ያንን ዕድል ሙሉውን አትጠቀሙበትም፤ ሬኩም አለ። ስለዚህ ሱትድና ተከታታይ የሆኑትን፣ ጥንዶችን፣ ሁለት ትልልቅ ካርታዎችን ያዙ፤ እንደ ኩዊን-4 ኦፍሱት ያለውን ጣሉ። ሬይዝ ያደረገው አንደኛ ወንበር ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ በጣም ቆጥቡ። የሰውየው ወንበር እዚህ ላይ ከእናንተ ካርታ እኩል ይናገራል።

አራተኛ፦ ከፍሎፕ በኋላ

ከባለ ዘጠኙ የመጣን ሰዎች ትልቁ ችግራችን ይህ ነው። እዚያ ገንዘብ በብዛት የሚገባው ሁለቱም ወገን ከባድ ካርታ ሲይዝ ነው። አንድ ጥንድ ይዞ ብዙ መክፈል ያስፈራል። ባለ ስድስቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ፍሎፕ ያያል፤ ሁለቱም ሰፊ ምርጫ ይዘው ነው የገቡት። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ፍሎፕ ላይ ጥንድ ወይም የተሻለ የሚያገኙት ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ ሁለታችሁም ባዶ ናችሁ።

አንድ እጅ በቅርበት እንይ። በተን ላይ ናችሁ፤ ሱትድ ኩዊን-9 ይዛችኋል። ሁሉም ጥሎ እናንተ ጋ ደረሰ። 25 ሳንቲም አደረጋችሁ። ስሞል ብላይንዱ ጣለ፣ ቢግ ብላይንዱ ኮል አለ። ፖቱ 55 ሳንቲም ነው። ፍሎፑ ኪንግ-7-2፣ ሦስቱም ምልክታቸው የተለያየ። እሱ ቼክ አለ (ሳይወራረድ አሳለፈ)። እናንተ ምንም የላችሁም። እሱስ? 9-8፣ ጃክ-10፣ አስ-5 ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ባዶ ነው። 18 ሳንቲም ውረዱ (ተወራረዱ ማለት ነው)። 55ቱን ለማግኘት 18 አወጣችሁ፤ ከ4 ጊዜ አንዴ ከጣለ ኪሳራ የለባችሁም። በእንዲህ ዓይነት ደረቅ ፍሎፕ ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጥላል። ኮል ካለ? ተርኑ (አራተኛው የጋራ ካርታ) ካልረዳችሁ ቼክ ብላችሁ ተዉት። ትንሿ ውርርድ ሥራዋን ሞክራለች፤ በባዶ እጅ ከሷ በኋላ የሚሄደው ገንዘብ ነው የሚጎዳችሁ።

ፍሎፑ 6-5-4 ሁለት ልብ ኖሮበት ቢሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቢግ ብላይንዱ የያዛቸውን እጆች የሚያቅፍ ፍሎፕ ነው። እዚያ ባዶ እጅ ይዛችሁ አትወርዱ።

አሁን ደግሞ የእኔን አንድ ጥፋት ልንገራችሁ። ቢግ ብላይንድ ላይ አስ-10 ይዤ ነበር። በተን ላይ ያለው ብዙ ሬይዝ የሚወድ ሰው ነው፤ 25 ሳንቲም አደረገ፣ ኮል አልኩ። ፍሎፑ 10-6-3። ቼክ አልኩ፤ 35 ሳንቲም ወረደ፤ ኮል አልኩ። ፖቱ 1 ዶላር ከ25 ሆነ። ተርኑ 2 ነው። 80 ሳንቲም ወረደ። የባለ ዘጠኙ ልማዴ ያዘኝና «አንድ ጥንድ ነው እኮ» ብዬ ጣልኩ። ሰውየው ካርታውን ገልጦ አሳየኝ፦ ኪንግ-ኩዊን። ባዶ። ከመቶ እጅ አርባውን የሚከፍት ሰው ላይ፣ ላይኛው ጥንድ ከአስ ጋር ከባድ እጅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲወርድ ኮል እያሉ መከተል ነው።

ይኸው አስ-10 ተራ በተራ ኮል የሚለው ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። በተን ላይ ሆናችሁ ከፈታችሁ፣ ያ ሁሉን ኮል የሚል ሰው ቢግ ብላይንድ ላይ ነው እንበል። ያው ፍሎፕ፣ ፖቱ 55 ሳንቲም። 37 ውረዱ። ኮል ካለ ፖቱ 1.29 ይሆናል፤ ተርን ላይ 86 ውረዱ። ኮል ካለ 3.01 ይሆናል፤ ሪቨር (አምስተኛው፣ የመጨረሻው ካርታ) ላይ 2 ዶላር ውረዱ። 10-8 ወይም 6-5 ይዞ የሚከፍላችሁ ሰው ነው። ተርን ላይ ፈርታችሁ ቼክ ያላችሁ እንደሆነ ያ 2 ዶላር ወደ 80 ሳንቲም ወርዶ ነው የሚገኘው። በትንሽ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ የምታገኙት ትርፍ አብዛኛው ከዚህ ነው፤ ደህና ካርታ ይዞ ሦስቴ መውረድ። ከተራቀቀ ብለፍ (በባዶ እጅ እየወረዱ ከማስፈራራት) አይደለም። ለማይጥል ሰው ብለፍ ማድረግ ገንዘብን አውጥቶ ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ አጥብቄ ነው የምለው። ዝም ብሎ ኮል ሲል የቆየ ሰው ተርን ወይም ሪቨር ላይ ድንገት ሬይዝ ካደረጋችሁ፣ እመኑት። በዚህ ደረጃ እንዲህ ያለ ሰው በባዶ እጁ ሬይዝ አያደርግም። አስ-10ን ጣሉትና ቀጣዩን እጅ ጠብቁ።

አምስተኛ፦ መልሶ ሬይዝ ማድረግ

ባለ ዘጠኙ ላይ መልሰን ሬይዝ የምናደርገው ሁለት ኩዊንና ከዚያ በላይ ወይም አስ-ኪንግ ሲኖረን ነበር። አንደኛ ወንበር ላይ ላለ ጠበቅ ያለ ሰው አሁንም እንደዚያው ይሁን። ካትኦፍና በተን ላይ ለሚከፍት ሰው ግን ከ10-10 ጀምሮ ያሉ ጥንዶችን፣ አስ-ኩዊንን፣ ሱትድ አስ-ጃክን እና ኪንግ-ኩዊንን ጨምሩ። አልፎ አልፎ ሱትድ አስ-5 ወይም አስ-4 አስገቡ። ምክንያት አለው፤ አንድ አስ እናንተ እጅ ካለ፣ ሰውየው ሁለት አስ የሚይዝባቸው መንገዶች ከ6 ወደ 3 ይወርዳሉ፤ አስ-ኪንግ የሚይዝባቸው ደግሞ ከ16 ወደ 12። ይህን የምትሞክሩት ግን መጣል በሚችል ሰው ላይ ብቻ ነው።

መጠን፦ ከእሱ ኋላ የምትናገሩ ከሆነ የሱን ሦስት እጥፍ፣ 75 ሳንቲም። ብላይንድ ላይ ከሆናችሁ አራት እጥፍ፣ 1 ዶላር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ብላይንድ ላይ ሆኖ 60 ሳንቲም ማድረግ «ና ግባ» ብሎ መጋበዝ ነው።

ስድስተኛ፦ ማን ነው የተቀመጠው?

ዘጠኝ ሰው ውስጥ አንዱን ሳያውቁት ማታው ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ከአምስት ሰው ጋር ነው የምትፋጠጡት፤ ያውም ደጋግሞ። ስለዚህ የአምስቱን ጠባይ መያዝ ግድ ነው።

መከታተያ ፕሮግራም የሚፈቀድበት ቤት ከሆነ ሁለት ቁጥሮች ይበቋችኋል። አንደኛው ሰውየው ከመቶ እጅ ስንቱ ላይ በፈቃዱ ገንዘብ እንዳስገባ ነው። ሁለተኛው ከእነዚያ ውስጥ ስንቱን በሬይዝ እንደገባ ነው። 24 እና 19 የሆነ ሰው ባለ ስድስት ጠረጴዛ የሚያውቅ ደህና ተጫዋች ነው። 45 እና 8 የሆነው ሁሉን ኮል የሚል ነው፤ ከሱ ጋር ካርታ ይዛችሁ ውረዱ፣ ባዶ እጅ ይዛችሁ ዝም በሉ። 12 እና 10 የሆነው እንደ እናንተ ከባለ ዘጠኙ የመጣ ነው፤ ብላይንዱን ደጋግማችሁ ውሰዱበት፣ እሱ ሬይዝ ሲያደርግ ደግሞ መንገድ ልቀቁለት። 38 እና 31 የሆነው ያ ኪንግ-ኩዊን ያሳየኝ ዓይነት ነው።

ፕሮግራም ካልተፈቀደ በዓይን ያዙ። ብዙ ቤቶች ተጫዋች ላይ ቀለም ለመለጠፍና ማስታወሻ ለመጻፍ ያስችላሉ። እኔ የምጠቀመው ሦስት ቀለም ነው፤ አረንጓዴ ለኮል ወዳድ፣ ቀይ ለኃይለኛ፣ ግራጫ ለቁጥብ። ሠላሳ እጅ ሳይሞላ ቀለሙን ትለጥፋላችሁ።

ወንበር መምረጥም አለ። ያ ልቅ የሆነ ሰው በቀኛችሁ እንዲሆን ተቀመጡ። ተራው ከቀኝ ወደ ግራችሁ ስለሚሄድ እሱ ቀድሞ ይናገራል፣ እናንተ አይታችሁ ትወስናላችሁ። በግራችሁ ከሆነና ሌላ ወንበር ካልተለቀቀ ጠረጴዛ ቀይሩ። አምስቱም ቁጥራቸው ደህና የሆነ ሰዎች ካሉበት ጠረጴዛም ተነሱ፤ እዚያ ሬክ ከመክፈል ሌላ ሥራ የላችሁም።

ሰባተኛ፦ ካፒታልና ልብ

ባለ ስድስቱ ይዋዥቃል። ባለ ዘጠኙን በ30 መግቢያ ስትጫወቱ ከነበረ፣ እዚህ 40 ወይም 50 ይኑራችሁ፤ ለዚህ ደረጃ 400 እስከ 500 ዶላር ማለት ነው። ያ ከሌለ በ2 እና 5 ሳንቲም ጀምሩ።

ለምን ይህን ያህል? በ100 እጅ 5 ቢግ ብላይንድ የሚያተርፍ ጎበዝ ሰው እንውሰድ። 10,000 እጅ ሲጫወት በአማካይ 50 ዶላር ያተርፋል። የመዋዠቁ ልክ ግን ባለ ስድስቱ ላይ በ100 እጅ 90 ቢግ ብላይንድ ያህል ነው፤ በ10,000 እጅ ሲሰላ 90 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ይህ ጎበዝ ሰው ከአሥር ጊዜ ሦስት ያህሉን 10,000 እጅ ተጫውቶም ከስሮ ይነሳል። አንድ ሳምንት ስለተበላችሁ «አልችልም»፣ አንድ ሳምንት ስለበላችሁ «ገባኝ» ማለት አይሠራም።

ባለ ዘጠኙን ስድስትና ስምንት ጠረጴዛ ከፍታችሁ ስትጫወቱ ከነበረ፣ ለመጀመሪያው ወር ሁለት ብቻ ክፈቱ። ሦስት መግቢያ በአንድ ቀን ከተበላችሁ ዝጉት። ያን ጊዜ የምትጫወቱት እናንተ አይደላችሁም፤ የሚጫወተው ብሽቀት ነው። ገደቡን በተደጋጋሚ ስታልፉት ራሳችሁን ካያችሁ፣ ያ የፖከር ችግር አይደለም። ቤቱ ውስጥ ራስን ለወራት ማገጃ ቦታ አለ፤ ተጠቀሙበት። ለምታምኑት ሰውም ንገሩ።

ስምንተኛ፦ እሑድ እሑድ ቆጠራ

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳትጫወቱ፣ ብዙ የተበላችሁባቸውን አሥር እጆች አውጡ። ለእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኛው ወንበር ላይ ነበርኩ፣ የገባሁት በሬይዝ ነው ወይስ በኮል፣ ሰውየው ምን ዓይነት ነው። ምን ካርታ ያዝኩ የሚለውን መጨረሻ ላይ ጻፉት።

እኔ መጀመሪያ ስሠራው ከአሥሩ ሰባቱ «ስሞል ብላይንድ፣ ኮል» ሆነው ወጡ። ወረቀቱን ለዚያ ታላቄ ወስጄ አሳየሁት። ምንም አላለኝም፤ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ስሞል ብላይንድ የሚለውን ቃል አንድ በአንድ አሰመረበት። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያ ወንበር ላይ አንድም ጊዜ ኮል ሳልል ለመጫወት ወሰንኩ። እናንተም ከአሥሩ ውስጥ ደጋግሞ የወጣውን አንዱን ብቻ መርጣችሁ ለሳምንት እሱን አስተካክሉ፤ ሁለተኛውን ለቀጣዩ እሑድ አቆዩት።